በቀይ ቀለም የተሰረዘው ሥዕል

ለአምቦ ሰው ጋዝ እንግዳ ነገር አይደለም። ከመሬት ሆድ እየተንፈቀፈቀ የሚወጣውን ውሃ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያይ አድጓል፤ በፍልውሃው መዋኛ ዳር ቆሞ አረፋው ሲፈላ ተመልክቷል፤ እንግዳ ሲመጣበትም ጠርሙስ ከፍቶ፣ ጋዙ ሲተነፍስ እያሰማ፣ ብርጭቆ ሞልቶ አቅርቧል። በአንድ ወቅት «ሀገረ ሕይወት» ትባል የነበረችው ይህች ከተማ ስሟ ከውሃዋ፣ ውሃዋም ከጋዙ ተለይቶ አይታወቅም። ጋዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ከከተማይቱ በስተደቡብ አቅጣጫ የሚገኙት የደንዲና የወንጪ ሐይቆች በጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኙ መሆናቸውን ያስተዋለ ሰው፣ ከምድር በታች ያለው እሳት በዚህ አገር ሥራውን ፈጽሞ እንዳልተወ ለመገመት አያዳግተውም።

ይኸው ጋዝ፣ የአምቦ ሰው ከምሳ በኋላ ሆድ ያቀላል ብሎ የሚጠጣው ጋዝ፣ በነሐሴ ወር 2014 ዓ.ም. ከምድር 700 የብርሃን ዓመት ያህል በራቀ አንድ ፕላኔት ላይ መገኘቱ ተገለጸ። ሌላ ፀሐይ በሚዞር ፕላኔት ላይ ይህ ጋዝ በማያጠራጥር ሁኔታ ሲገኝ የመጀመሪያው ነበር። ፕላኔቱ ዋስፕ-39ቢ ይባላል። ክብደቱ የሳተርንን ያህል ቢሆንም ከሙቀቱ ብዛት የተነሳ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ስፋቱ ከጁፒተር ይበልጣል፤ ኮከቡን በ4 ቀን ገደማ ዞሮ ይጨርሳል፤ ግለቱ ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። የሚረገጥ መሬት የለውም፤ ጋዝ ነው። ጄምስ ዌብ የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ የተቀበለው ያ ብርሃን ከኮከቡ ተነሥቶ መንገድ ሲጀምር በኢትዮጵያ ዙፋን ላይ የነበሩት ዓፄ ዐምደ ጽዮን ናቸው።

ይህን ወሬ በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ሰምቶ የተደነቀ ሰው ብዙ አልነበረም። ከሰሙት አንዱ ግን በአምቦ ተቀምጠው የጡረታ ዘመናቸውን የሚያሳልፉ አንድ የሳይንስ መምህር ነበሩ። እሳቸው ወሬውን የተቀበሉት በደስታ ብቻ አልነበረም። በእንዲህ ያሉት ፕላኔቶች የተነሳ የቆየ ዕዳ ነበረባቸው።

ነገሩ የሆነው በ1970ዎቹ ዓመተ ምሕረት ውስጥ፣ በምዕራብ ሸዋ ከሚገኙት ትምህርት ቤቶች በአንደኛው፣ በ6ኛ ክፍል ነው። ለተማሪዎቹ የተሰጠው ሥራ ቀላል ነበር፤ ፀሐይን በመካከል፣ ፕላኔቶቹንም በየተራቸው በዙሪያዋ ሥሎ ማምጣት። ሥዕሎቹ ተሰበሰቡ። ሁሉም ከመጽሐፉ የተገለበጡ ስለነበሩ ይመሳሰላሉ። አንዱ ብቻ ተለየ። ከገጠር በእግሩ እየተመላለሰ የሚማር አንድ ልጅ ከሁሉ የሚበልጠውን ፕላኔት ፀሐይዋን ሊነካ ትንሽ እስኪቀረው አስጠግቶ፣ ትናንሾቹን ግን ወደ ውጭ በትኗቸው ነበር። መምህሩ ልጁን ከክፍሉ ፊት አቁመው ስለምን እንዲህ እንዳደረገ ጠየቁት።

የልጁ የቤት ቋንቋ ኦሮምኛ ነው፤ ትምህርቱ የሚሰጠው ደግሞ በአማርኛ ነበር። ስለዚህ ቃላቱን አንድ በአንድ እየፈለገና እያቀና እንዲህ አለ፦ «ጋሼ፣ በእኛ ቤት እሳቱ አጠገብ የሚቀመጠው ትልቁ ሰው ነው። ልጆች ወደ ኋላ ነን። ይኼ ትልቁ ለምን ከእሳቱ ራቀ?»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። መምህሩም ሳቁ። ከዚያ ቀይ እስክሪብቶአቸውን አንሥተው ሥዕሉን ከጥግ እስከ ጥግ በሁለት መሥመር ሰረዙትና ከሥሩ አንድ ቃል ጻፉበት፦ «አይቻልም!»

ልጁ ከዚያ ቀን ወዲህ በክፍል ውስጥ እጁን ሲያነሣ አልታየም። 8ኛ ክፍል ሲደርስ ትምህርቱን ተወ። አንድ ሳቅ አንድን ልጅ ከትምህርት ቤት አያስወጣም፤ የእርሻው ሥራ፣ የአባት መታመም፣ የመንገዱ ርቀት ሁሉ ድርሻ ነበራቸው። ይሁን እንጂ መምህሩ ኋላ ሒሳቡን ሲያደርጉ የራሳቸውን ድርሻ ባዶ ለማድረግ አልቻሉም።

ሥዕሉ እንደ ሥዕል ስሕተት መሆኑን መካድ አይቻልም። ጁፒተር ከፀሐይ 5ኛ ነው፤ ርቀቱ 778 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን አንድ ዙር ለመጨረስ ወደ 12 ዓመት ይፈጅበታል። ሊቃውንትም ለዚህ በቂ የሚመስል ምክንያት ነበራቸው። ፕላኔቶቹ ገና ሲወለዱ፣ በፀሐይ አጠገብ ያለው ሙቀት ውሃው ወደ በረዶነት እንዳይለወጥ ስለሚከለክል እዚያ ሊሰበሰብ የሚችለው ድንጋይና ብረት ብቻ ነው፤ ግዙፎቹ የጋዝ ፕላኔቶች ሊገነቡ የሚችሉት ቅዝቃዜው በበረታበት በሩቁ ክልል ነው ይሉ ነበር። መጽሐፉም ያስተማረው ይህንኑ ነው። እንግዲህ መምህሩ ማርክ መቀነሳቸው አያስወቅስም። «አይቻልም» የሚለው ቃል ግን በመጽሐፉ ውስጥ አልነበረም። መጽሐፉ «እንዲህ ነው» አለ እንጂ «በሌላ ስፍራ ከዚህ የተለየ ሊኖር አይችልም» አላለም። ያን የጨመሩት እሳቸው ናቸው። ደግሞስ ልጁ «ለምን ራቀ?» ብሎ ሲጠይቅ የበረዶውን ነገር ማስረዳት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

በዚህ ስሕተት ግን ብቻቸውን አልነበሩም፤ ብዙ የተከበሩ ሰዎች ጓደኞቻቸው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1952፣ በካርኮቭ ተወልዶ በአሜሪካ ይሠራ የነበረው የሥነ ፈለክ ሊቅ ኦቶ ስትሩቭ አንድ አጭር ጽሑፍ አሳትሞ ነበር። ሁለት ኮከቦች እጅግ ተጠጋግተው እንደሚዞሩ ከታወቀ፣ ጁፒተርን የመሰለ ግዙፍ ፕላኔትም ከምድርና ከፀሐይ ርቀት በ50ኛው እጅ ያህል ብቻ ከኮከቡ ርቆ ቢገኝ ምን ያግደዋል? ሲል ጠየቀ። እንዲህ ያለው ፕላኔት በአንድ ቀን ገደማ ዙሩን ይጨርሳል፤ ከባድ ከሆነም በዘመኑ በነበሩት መሣሪያዎች ሊደረስበት ይችላል፤ በኮከቡ ፊት ሲያልፍም ብርሃኑን ትንሽ ያደበዝዘዋል፤ ስለዚህ ይፈለግ! አለ። ጽሑፉ ታትሞ ወጣ፤ የተከራከረውም የተከተለውም ሰው የለም ለማለት ይቻላል። የስትሩቭን ሥዕል ማንም በቀይ ቀለም አልሰረዘበትም፤ ዝም ብቻ ተባለ። ዝምታውም 43 ዓመት ቆየ።

የፍለጋው ዘዴ ለአምቦ ነዋሪ ሩቅ አይደለም። አንድ ጎልማሳ ልጁን እጆቹን ይዞ ሲያሽከረክረው እሱም በቆመበት አይረጋም፤ ልጁ በዞረ ቁጥር ወዲያና ወዲህ ይላል። ፕላኔትም ኮከቡን እንዲሁ ያወዛውዘዋል። ውዝዋዜው የሚታወቀው ከብርሃኑ ነው። ከጊንጪ በኩል የሚመጣ አውቶቡስ ጥሩምባውን እየነፋ ሲቃረብ ድምፁ ይቀጥናል፤ አልፎ ወደ ጉደር ሲሸሽ ይወፍራል። ብርሃንም ወደ ተመልካቹ ሲመጣ ወደ ሰማያዊነት፣ ሲርቅ ወደ ቀይነት በጥቂቱ ያደላል። ጁፒተር ፀሐይን የሚያወዛውዛት በሴኮንድ 12 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ይህም አንድ ሰው አጥብቆ ሲሮጥ ከሚደርስበት ፍጥነት እምብዛም አይርቅም፤ ዙሩም 12 ዓመት ይፈጃል። ፈላጊዎቹ ሁሉ ሁለተኛ ጁፒተር ይፈልጉ ስለነበር ለዓመታት ለመጠበቅ ተዘጋጁ። የካናዳ ተመራማሪዎች ወደ 20 የሚሆኑ ኮከቦችን ለ12 ዓመት በትዕግሥት ከተከታተሉ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1995 ምንም አላገኘንም ብለው አስታወቁ። ዛሬ እንደሚታወቀው በጣም የጋሉት ግዙፎች የሚገኙት ፀሐይን ከሚመስሉ 100 ኮከቦች በአንዱ ገደማ ነው። 20 ኮከብ ይዞ ማጣት ዕድል እንጂ ስንፍና አይደለም።

በዚያው ዓመት ዲዲዬ ኬሎዝ የተባለ ስዊዛዊ ተማሪ በደቡብ ፈረንሳይ በሚገኘው የኦት ፕሮቫንስ የከዋክብት መመልከቻ የሚለካው ቁጥር አልረጋ አለው። በፔጋሰስ ከዋክብት መካከል 51ኛ ቁጥር የተሰጠው ኮከብ በሴኮንድ ከ50 ሜትር በላይ እየተወዛወዘ፣ በየ4 ቀኑ ወደነበረበት ይመለሳል። ተማሪው በመጀመሪያ የጠረጠረው መሣሪያውን ነው። መምህሩ ሚሼል ማዮር በዚያን ሰሞን በሃዋይ ነበር። ነገሩ ሲነገረው የተማሪውን ሒሳብ አልሰረዘም፤ ኮከቡ ተመልሶ በሌሊት እስኪታይ ድረስ ጠብቀው በሐምሌ ወር ደግመው ለኩ፤ ያው ሆነ። መስከረም 25 ቀን 1988 ዓ.ም. በጣሊያን አገር በፍሎረንስ ከተማ ለዓለም አስታወቁ። የጁፒተርን ግማሽ ያህል የሚመዝን ፕላኔት ኮከቡን በ4 ቀን ከሩብ ይዞራል። ከኮከቡ የሚርቀው 8 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ የምድር ከፀሐይ ርቀት 150 ሚሊዮን፣ ከሁሉ የምትቀርበው የሜርኩሪ 58 ሚሊዮን ነው። የአሜሪካ ተመራማሪዎች ቴሌስኮፓቸውን ወደዚያው ኮከብ ባዞሩ በጥቂት ሌሊቶች ውስጥ እውነት መሆኑን አረጋገጡ። ማዮርና ኬሎዝ በዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. የ2019ኙን የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። ክረምቱ ወጥቶ የጥቅምት ሰማይ በጠራበት ምሽት የአምቦ ሰው ቀና ቢል፣ ከአናቱ በላይ አራት ኮከቦች የሠሩትን ሰፊ አራት ማዕዘን ያያል፤ 51ኛው ኮከብ የሚገኘው በዚያ አራት ማዕዘን ምዕራባዊ ጎን አጠገብ ነው። የከተማው መብራት ካልከለከለው በቀር ዓይኑ የበረታ ሰው ያለመነጽር ያየዋል።

ይህ ሁሉ ሲሆን መምህሩ አልሰሙም ነበር። በ1988 ዓ.ም. ገና ያስተምሩ ነበር፤ ያስተማሩትም በያዙት መጽሐፍ ነው። ወሬው እሳቸው ዘንድ የደረሰው ከ24 ዓመት በኋላ፣ በቡና በኩል ዞሮ ነው።

ታኅሣሥ 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት የተመሠረተበትን 100ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት እንዲሰይም ዕድል ሰጥቶ ስለነበር፣ የተመረጡት ስሞች ተገለጹ። ለኢትዮጵያ የደረሰው ኮከብ «ቡና»፣ ፕላኔቱ ደግሞ «አቦል» ተባለ። ከ3 ቀን በኋላ የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ከቻይና ስለተወነጨፈች ሰሞኑን የራዲዮው ወሬ ሁሉ ስለ ሰማይ ሆነ። ኮከቡ የሚገኘው በአንድሮሜዳ ክልል ነው፤ አንድሮሜዳ ደግሞ በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። ግሪኮች ኢትዮጵያ ሲሉ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን አገር ሁሉ ማለታቸው ቢሆንም፣ የልዕልቲቱ ሰማይ ላይ ዘግይቶም ቢሆን ቡና መፈላቱ ደግ ነው፤ ቶናውና በረካው ደግሞ ለተከታዩ ትውልድ ይቆይ። ብርሃኑ ከዚያ እዚህ ለመድረስ ወደ 196 ዓመት ይፈጅበታል። ዛሬ የሚታየው እንግዲህ በዘመነ መሳፍንት የተነሣው ብርሃን ነው።

መምህሩ ስማችንን የተሸከመ ፕላኔት ምን ዓይነት እንደሆነ ሊያውቁ ፈለጉና በአምቦ ዩኒቨርሲቲ የሚማረውን የጎረቤታቸውን ልጅ ጠየቁት። ልጁ በመረጃ መረብ ያገኘውን አትሞ አመጣላቸው። አቦል የጋዝ ፕላኔት ነው፤ ከጁፒተር ከ4 እጥፍ በላይ ይከብዳል፤ ነገር ግን ሞቃት ከሚባሉት ወገን አይደለም፤ በረዘመ መንገድ አንዴ እየቀረበ አንዴ እየራቀ ኮከቡን ለመዞር ከ2 ዓመት ተኩል በላይ ይፈጅበታል። ልጁ ያመጣው ወረቀት ግን በአቦል አላበቃም። በሚቀጥለው ገጽ ላይ የ51ኛው ኮከብ ታሪክ ነበር። ከጽሑፉ በላይ ሥዕል ነበረበት፤ ትልቅ ፀሐይ፣ ሊነካት ትንሽ የቀረው ሌላ ትልቅ ክብ። መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ሥዕሉን ያውቁታል። ከአርባ ዓመት ገደማ በፊት ሰርዘውታል።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ጥቂት ዓመታት የጎረቤቱ ልጅ ወረቀት እያመጣ፣ እሳቸውም በእርሳስ እያሰመሩ አሳለፉ። ያነበቡትን ለሚያውቁት ሁሉ ያወሩ ስለነበር በከተማው «የኮከቡ ጋሼ» እስከመባል ደረሱ። እ.ኤ.አ. በ1999 ዴቪድ ሻርቦኖ የተባለ ወጣት ተማሪ ስፋቱ 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ በሆነ፣ ከሰው መዳፍ በማይበልጥ ቴሌስኮፕ፣ ከነዚህ ግዙፎች አንዱ በኮከቡ ፊት ሲያልፍ ብርሃኑ ከ100 ከ2 እጅ ባነሰ መጠን ሲደበዝዝ መዝግቧል፤ የእሳት ራት በፋኖስ ፊት እንደማለፍ ያለ ነው። ስትሩቭ እንዳለው ሆነ ማለት ነው። መምህሩን ያስቆጫቸው የመሣሪያው ማነስ ነበር። እንዲህ ባለ ነገር የሚገኝ ከሆነ፣ ሰው ሳይፈልገው የኖረው አቅም አጥቶ አይደለማ!

ስለ ፕላኔቶቹ ጠባይ የተጻፈው ደግሞ ለማመን ያዳግታል። ከኮከቡ አጠገብ የሚኖር ግዙፍ፣ ጨረቃ ለምድር እንደምታደርገው ሁሉ፣ ሁልጊዜ አንድ ፊቱን ብቻ ወደ ኮከቡ እንደሚያዞር ይታመናል። የደጋ ሰው በብርድ ሌሊት ምድጃ ፊት ተቀምጦ ፊቱ ሲቃጠል ጀርባው ይቀዘቅዛል፤ ያም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ መቼም ቢሆን ዞር አለማለቱ ነው። ዋስፕ-76ቢ በሚባለው ላይ የቀኑ ወገን ከ2400 ዲግሪ በላይ ይግላል። ብረት ሠሪው በወናፉ ታግሎ የሚያለሰልሰው ብረት በ1538 ዲግሪ ይቀልጣል፤ እዚያ ግን ከመቅለጥም አልፎ ይተናል። እ.ኤ.አ. በ2020 ተመራማሪዎች በቺሌ ካለው ትልቅ ቴሌስኮፕ ሲመለከቱ፣ የብረቱ ተን ከቀን ወደ ሌሊት በሚሻገርበት ዳር ላይ ታይቶ ከሌሊት ወደ ቀን በሚመለስበት ዳር ላይ ጠፋባቸው። ይህንንም በጨለማው ወገን ብረቱ ወርዶ ይቀራል፣ እንደ ዝናብ ይዘንባል ብለው ተረጎሙት። ኬልት-9ቢ የተባለው ደግሞ 4300 ዲግሪ ያህል ይደርሳል፤ ከብዙ ኮከቦች ገጽ ይልቅ የጋለ ፕላኔት ነው። ዋስፕ-12ቢ ዙሩን ከአንድ ቀን ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ይፈጽማል፤ የኮከቡ ስበት እንደ እንቁላል አሞላልቆታል፤ መንገዱም እየጠበበ ስለሚሄድ ወደ 3 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ቆይቶ እንደሚጠፋ ተሰልቷል። በእሳቱ አጠገብ የሚቀመጠው ትልቅ ሰው ሁልጊዜ ተመቸው ማለት አይደለም።

የአምቦው ጋዝ የመጣው ከነዚህ ወረቀቶች በመጨረሻው ላይ ነው። ፕላኔቱ በኮከቡ ፊት ሲያልፍ ከብርሃኑ ጥቂቱ በፕላኔቱ የአየር ጠርዝ ውስጥ ሾልኮ ይመጣል። ጠጅ በተሞላ ብርሌ ውስጥ ያለፈ ብርሃን ብጫ ሆኖ እንደሚወጣ፣ እያንዳንዱ ጋዝም ከብርሃኑ የራሱን ድርሻ ያስቀራል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያስቀረው ዓይን በማያየው ቀለም ውስጥ ስለሆነ በምድር አየር ውስጥ ሆኖ መለየቱ አስቸጋሪ ነው፤ ጄምስ ዌብ ግን ከአየር በላይ ስለሆነ ጉድለቱን በግልጽ አየው። መምህሩ ይህን ያነበቡ ቀን ከፊታቸው ያለውን የአምቦ ውሃ ብርጭቆ አንሥተው በመስኮቱ ብርሃን ላይ ይዘው ብዙ ጊዜ መቆየታቸውን የጎረቤቱ ልጅ እየሳቀ ይናገራል።

በ2015 ዓ.ም. በጥቅምት ወር መምህሩ ወረቀቶቻቸውን በፌስታል ይዘው ወደ ጉደር ወረዱ። መንገዱ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ያ ልጅ በጉደር ወፍጮ ቤት እንዳለው ከሰሙ ቆይተዋል፤ መሄድ ግን ከብዷቸው ነበር። ያገኙት ሰው ከአምሳ ዓመት ያለፈ፣ ቅንድቡ ሳይቀር በዱቄት የነጣ ጎልማሳ ነው። አወቃቸው። ሞተሩን አስቁሞ፣ እጁን በጋቢው ጠርጎ፣ ጎንበስ ብሎ ትከሻቸውን ሳመ።

«ጋሼ! እንደምን ዋሉ? ደህና ነዎት?»

ወንበር ቀረበ። መምህሩ ስለ ጤናና ስለ ልጆች ከጠየቁ በኋላ፣ «በ6ኛ ክፍል የሣልከውን የፀሐይ ሥዕል ታስታውሳለህ?» አሉት።

ሰውየው አሰበ። «ሥዕሉን እንኳን አላስታውስም። ሳቁን ግን አስታውሳለሁ።»

«እኔም ስቄ ነበር።»

«ልጆቹማ እርስዎን አይተው ነው የሳቁት፣ ጋሼ።»

በቅሬታ የተናገረው አይመስልም ነበር፤ የእህል ዋጋ እንደሚናገር ሰው አድርጎ ነው ያለው። መምህሩ ግን ይዘው የመጡትን ንግግር በዚያው ረሱት። ወረቀቶቹን አውጥተው በዱቄቱ ጆንያ ላይ ዘረጉ፤ ትልቁን ፕላኔት ከፀሐይዋ አጠገብ አሳዩት፤ 4 ቀኑን፣ ብረቱን፣ የአምቦውን ጋዝ ነገሩት። «ስለ እኛ ፀሐይ ተሳስተህ ነበር። አይቻልም ማለቴ ግን የኔ ስሕተት ነው። ይቻላል። አለ» አሉ።

ሊያስፈጩ የመጡ ሴቶች ቁናቸውን እንደያዙ ቆመው ይሰሙ ነበር። ሰውየው ወረቀቱን ዱቄት እንዳይነካው በሁለት ጣቱ አንሥቶ አየው።

«እዚያ ነው የተወለደው? ወይስ ከሌላ መጣ?»

መምህሩ ደስ አላቸው፤ ይህን ያውቁታል። ሊቃውንት አብዛኛውን ጊዜ ከሩቅ መጣ እንደሚሉ አስረዱት። አንዳንዶቹ፣ ኮከቡ ገና ሕፃን ሳለ በዙሪያው የሚሽከረከረው ጋዝና ትቢያ ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ እየገፋ አመጣው ይላሉ። ሌሎቹ፣ ከሌሎች ግዙፎች ጋር ተገፋፍቶ ከመንገዱ ወጣ፤ ወደ ኮከቡ ተጠግቶ ባለፈ ቁጥር ስበቱ እየጎተተው በመጨረሻ እዚያው ቀረ ይላሉ። ጥቂቶችም እዚያው ሊወለድ ይችላል ብለው ይከራከራሉ። ነገሩ ገና አልተቆረጠም።

«እንግዲህ ከሩቅ ከመጣ» አለ ባለወፍጮው፣ አሁን በኦሮምኛ፣ ቃል ሳይፈልግ፣ ፈጥኖ፤ «ቀድሞ እሳቱ ዳር የነበሩት ትናንሾቹስ? እሱ ሲገባ የት ሄዱ?»

መምህሩ አፋቸውን ከፈቱና ዘጉት። ያነበቡት ሁሉ ይህን አይመልስም። «አላውቅም» አሉ እሳቸውም በኦሮምኛ። ከዚያ እርሳሳቸውን አውጥተው ጥያቄውን በወረቀቱ ጀርባ ላይ እንደተባለው ጻፉት።

የጎረቤቱ ልጅ መልስ ያለውን ያህል ፈልጎ ለማምጣት ሁለት ሳምንት ፈጀበት። እንዲህ ያሉት የጋሉ ግዙፎች ከጥቂቶች በቀር በአጠገባቸው ሌላ ፕላኔት እንደማይገኝ፣ ብቸኞች እንደሆኑ፤ ሊቃውንቱም ከሁለቱ አመጣጦች የትኛው እንደሆነ ለመለየት ከሚመረምሯቸው ምልክቶች አንዱ ይኸው ብቸኝነት እንደሆነ የሚገልጽ ጽሑፍ ነበር። ረጋ ብሎ የመጣ ከሆነ ትናንሾቹ በከፊልም ቢሆን በቀሩ ነበር፤ ተወርውሮ ከመጣ ግን በትኗቸው ወይም ከኮከቡ ጋር አጋጭቷቸው ሊሆን ይችላል። መምህሩ ይህን በራሳቸው እጅ በአንድ ገጽ አሳጥረው ጻፉት። ከላይ ጥያቄውን፣ ከጥያቄው አጠገብም የጠያቂውን ስም አሰፈሩ። በማግስቱ ጠዋት ወደ ጉደር የሚሄደው ሚኒባስ ሲሞላ ጠብቀው ወረቀቱን ለረዳቱ ሰጡና ወፍጮ ቤቱ የት እንደሆነ አመለከቱት፤ ረዳቱም አጥፎ ኪሱ ከተተው።